የቱርክ ጫጩት፣ ሙቀትና መሬት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ መንገድ መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከእንቁላሉ በወጣ ዕለት ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ስለሚሆን ፍጡር፣ ማለትም ስለ ቱርክ ዶሮ ጫጩት እናገራለሁ። ነገሩ የእንስሳት ሐኪምና የእርባታ ባለሙያ እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ይህን ጫጩት በብዛት የሚገድሉት ብርድ፣ እርጥበት፣ የታፈነ አየርና የተበከለ መሬት ናቸው። ሙቀትን ማስላት፣ ውሃን ማራቅ፣ አየርን ማዘዋወርና መሬትን መከፋፈል ደግሞ የሙያችን ዕለታዊ ሥራ ነው።

ጉዳዩን ያነሣሁበት ሌላም ምክንያት አለ። የዶሮ እርባታ በአገራችን የብዙ ወጣቶች የሥራ መጀመሪያ ሆኖአል። በዶሮ የተሳካለት ሰው ወደ ሌላ ወፍ ዐይኑን ቢጥል አያስገርምም። የቱርክ ዶሮ ትልቅ ነው፤ ሥጋው ብዙ ነው፤ ለበዓል ገበያም ያምራል። ይሁን እንጂ የተበደረውን ገንዘብ ይዞ የገባ ወጣት ጫጩቶቹን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ መኖውን ሁሉ ካበላቸው በኋላ በአራተኛው ወር ሊያጣቸው ይችላል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ተረት እንዳይደርስበት፣ ከመግባቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ ስለ ወፉ ጥቂት ልበል። የቱርክ ዶሮ የመጣው ከቱርክ አገር አይደለም። ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ብለው ለህንድ ይሰጡታል፤ ዐረቦች «ዲክ ሩሚ»፣ የሮም አውራ ዶሮ ይሉታል፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ «ፔሩ» ብለው ይጠሩታል። እያንዳንዱ ሕዝብ የባዕድ አገር ስም ያወጣለት ይህ ወፍ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ያላመዱትም ስፔናውያን ከመድረሳቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሜክሲኮ ጥንታውያን ሕዝቦች ናቸው። ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ በ1612 እ.ኤ.አ. ደግሞ የህንዱ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ከጎዋ የመጣለትን አንድ የቱርክ ዶሮ አይቶ ስለ ተደነቀ በሠዓሊው አሥሎታል። ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ወፉ ለአካባቢያችን እንግዳ መሆኑ፣ ከአገሬው ዶሮ ጋር ለዘመናት አብሮ አለመኖሩ፣ ኋላ ለምናየው ትልቅ አደጋ ምክንያት ስለ ሆነ ነው።

አሁን ወደ ጫጩቱ እንመለስ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፤ የቱርክ ዶሮ ግን 28 ቀን ይፈጃል። በደጋ አገር ለሚፈለፍል ሰው ይህ የሳምንት ልዩነት ቀላል አይደለም። በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ውሃ ቶሎ ይተናል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውም ኦክስጅን ያንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ የመፈልፈያውን እርጥበትና የአየር መግቢያ ለቆላ አገር በተጻፈ መመሪያ ብቻ ማስተካከል አይበቃም።

የተፈለፈለው ጫጩት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከማሞቂያው ሥር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያስፈልገዋል። ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ እየተቀነሰ በስድስተኛው ሳምንት ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። ቴርሞሜትሩ የሚሰቀለው በሰው ቁመት ሳይሆን በጫጩቱ ጀርባ ልክ፣ ከጉዝጓዙ አምስት ወይም ስድስት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከቴርሞሜትሩም ይልቅ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከማሞቂያው ሥር ተደራርበው ከተከማቹ በርዶአቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ከሸሹ ሞቆአቸዋል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ከሌላው ወገን ነፋስ እየገባ ነው። በመላው ክበብ ተበትነው ከበሉና ከተኙ ሥራው ተሳክቶአል።

ክበብ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የጫጩት ማሳደጊያ ማእዘን ሊኖረው አይገባም። የቱርክ ጫጩት ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ወደ ጥግ ይሸሻል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ ከታች የቀረው ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ 45 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ካለው ካርቶን ወይም ኮምፔንሳቶ ክብ አጥር ይሠራል። ለ100 ጫጩት ለመጀመሪያው ሳምንት የ2.5 ሜትር ዲያሜትር ይበቃል፤ ስፋቱም ወደ 5 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ክበቡ በየጊዜው እየሰፋ ይሄዳል። ወለሉ ላይ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፋል። ልሙጥ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ ማንጠፍ ግን ስሕተት ነው፤ እግሩ እየተንሸራተተ ጅማቱ ይላላና ጫጩቱ ሰንካላ ሆኖ ይቀራል።

ማሞቂያውስ? ለብዙዎቻችን በቅርብ የሚገኘው ባለ 250 ዋት የሙቀት አምፖል ነው። ለ100 ጫጩት ሁለት አምፖል ማድረግ ይሻላል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ ያቆያቸዋል። ሁለቱ አምፖሎች ቀንና ሌሊት ቢበሩ በቀን 12 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ ወጪ ቀላል ስላልሆነ መሐንዲሱ መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ነው።

አንድ ስሌት ላቅርብ። ባለ 3 በ4 ሜትር ክፍል፣ በላዩ ባዶ ቆርቆሮ የለበሰ፣ እንውሰድ። በክረምት ሌሊት ውጪው 10 ዲግሪ፣ ውስጡ 25 ዲግሪ ይሁን። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በኩል ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 7 ዋት ያህል ይወጣል። 12 ካሬ ሜትሩ በ15 ዲግሪ ልዩነት ሲባዛ 1,260 ዋት ይሆናል፤ ይኸውም ከአምስት አምፖል በላይ በጣራ በኩል ብቻ ወጣ ማለት ነው። አሁን ከቆርቆሮው በታች በጆንያ ኮርኒስ ላይ 10 ሳንቲሜትር ደረቅ ገለባ እንዘርጋ። ኪሳራው ወደ 100 ዋት ይወርዳል። ገለባው ምንም ዐይነት የውጭ ምንዛሪ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው እንዳይረጥብና ከአምፖሉ በበቂ ርቀት እንዲቀመጥ ማድረግ ብቻ ነው። የእሳት አደጋ የሚነሣው ከዚህ ላይ ስለ ሆነ አምፖሉ በሰንሰለት እንጂ በኤሌክትሪክ ገመዱ አይንጠለጠል።

ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፤ ይኸውም ክፍሉን ትቶ ጫጩቱ ያለበትን ቦታ ብቻ ማሞቅ ነው። 1.2 በ1.2 ሜትር የሆነ ዝቅተኛ ክዳን ከኮምፔንሳቶ ሠርቶ፣ ከላዩ ፍቅፋቂ አልብሶ፣ ከውስጡ አምፖል ቢያስገቡበት ሞቃቱ አየር ከክዳኑ ሥር ይታመቃል። በአገራችንም በጅማ ተመራማሪዎች በሣር የተሞላ ሳጥን ያለ ውጭ ሙቀት የዶሮ ጫጩት ሊያሳድግ እንደሚችል ፈትነው ጽፈዋል። ሳጥኑ የሚሠራው የጫጩቶቹን የገዛ ሙቀት ይዞ በማቆየት ነው። የቱርክ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልግ ሳጥኑን ብቻ አምኖ መጀመር አይገባም፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ግን ይኸው አሠራር ሕይወት ያድናል።

መብራት ሲጠፋ ሌላው መድኅን ሙቅ ውሃ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ70 ዲግሪ ውሃ ተሞልቶ በጆንያ ቢጠቀለልና ከክዳኑ ሥር ቢቀመጥ፣ ወደ 40 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ይህ በአማካይ 200 ዋት ቢወሰድ ለሦስት ሰዓት ተኩል የሚበቃ ነው። የከሰል ምድጃን ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የከሰል ጢስ አልባ መርዝ ጫጩቱን ብቻ ሳይሆን ሊጠብቅ የገባውን ሰው ጭምር ይገድላል።

ሙቀቱን ለመቆጠብ ሲባል ክፍሉን አፍኖ መዝጋትም ሌላ ጥፋት ያመጣል። ኩሱ ሲረጥብ አሞንያ ይወጣል። ይህም የጫጩቱን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ጎንበስ ብላችሁ በጫጩቱ ቁመት ስትተነፍሱ ዐይናችሁን ካቃጠላችሁ ለእነርሱ አየሩ አስቀድሞ ከፍቶአል። አየር ከላይ ይውጣ፤ ከታች ግን በጫጩቱ ላይ በቀጥታ አይንፈስ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያስገርመውን ነገር ላንሣ። የቱርክ ጫጩት መኖው ከፊቱ ተቀምጦ በረኀብ ይሞታል። ከእንቁላሉ ይዞት የወጣው የአስኳል ቅሪት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቆየዋል፤ በእነዚህ ቀናት መብላትና መጠጣት ካልተማረ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይወድቃል። ስለዚህ ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ጫጩት በእጁ ይዞ ምንቃሩን ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ አለበት። ብርሃኑ ደማቅ ይሁን። የሚያብረቀርቅ ነገር ስለሚስበው በመጠጫው ውስጥ ባለ ቀለም ብይ ማስቀመጥ የተለመደ ዘዴ ነው፤ ጫጩቱ ብዩን ሲነካ ውሃውን ያገኛል። መጠጫው ጥልቀት ካለው ይሰጥማልና ጠጠር ይጨመርበት። በመኖው ላይ ተቀቅሎ የደቀቀ እንቁላልና የተከተፈ ለጋ ቅጠል ቢነሰነስ ለመልቀም ይነሣሣል።

የመኖው ጥራትም ከዶሮ የተለየ ነው። የቱርክ ጫጩት በመጀመሪያው ወር 28 በመቶ ያህል ፕሮቲን ያለው መኖ ይፈልጋል። የዶሮ ጫጩት መኖ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 22 በመቶ ነው። ልዩነቱን በተቆላ አኩሪ አተር፣ በዓሣ ዱቄትና በፋጉሎ ማሟላት ያስፈልጋል። ደግሞም ኮክሲዲዮሲስን ለመከላከል በዶሮ መኖ ውስጥ ከሚጨመሩት መድኃኒቶች ሳሊኖማይሲንና ናራሲን ለቱርክ ዶሮ መርዝ ናቸው። ስለዚህ የዶሮ መኖ ሲገዛ ምን እንደ ተጨመረበት ሳይጠይቁ መስጠት አደገኛ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

ጫጩቱ ይህን ሁሉ አልፎ ስድስት ሳምንት ሞላው እንበል። ጀርባው ላባ ለብሶአል፤ ክንፉን ይሞክራል፤ ቆጥ ላይ ይወጣል። ወደ ሜዳ የሚወጣበት ጊዜ ስምንተኛው ሳምንት ነው። አስቀድሞ አንድ ሳምንት ያህል ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ቀን ቀን መስኮቱ ተከፍቶ መልመድ አለበት። የሚወጣበትም ቀን ደረቅና ለዘብ ያለ ጠዋት ይሁን። የቱርክ ዶሮ ዝናብ ሲመጣ ከጣራ ሥር መግባትን አያውቅበትም፤ ቆሞ ይበሰብሳል፤ ማታ ሲበርደውም ይደራረባል። ለጥቂት ቀናት ከመጠለያው አጠገብ በታጠረ ጠባብ ግቢ እንዲቆይና ሲመሽ በእጅ እየተነዳ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ሸለምጥማጥ፣ ቀበሮና ጅብ ባሉበት አገር አንድ ሌሊት የተረሳ በር የሁለት ወር ድካም ያጠፋል።

የወራቱንም አቆጣጠር እንመልከት። እንቁላሉ ሐምሌ 3 ቀን ቢገባ ነሐሴ 1 ቀን ይፈለፈላል። ስምንት ሳምንቱ የሚሞላው መስከረም 22 ቀን፣ ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራና ሣሩ ለምለም ሳለ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ ገና ዋዜማ ሲቆጠር 152 ቀን፣ ማለትም ወደ 22 ሳምንት ይሆናል፤ የነቢያት ጾም የሚፈታበት ቀን ወፉ ለገበያ ከሚደርስበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በዚህ ስሌት ግን የማሞቂያው ሥራ በዓመቱ እርጥብ በሆነው በነሐሴ ላይ ይወድቃል። ከላይ ስለ ጣራና ስለ ገለባ ያስላነው ስሌት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በገንዘብና በትጋት የሚፈታ ነው። አሁን የምናገረው ግን ከዚያ የከበደ ነው። ሳይንቲስቱ ቴዎባልድ ስሚዝ በ1895 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የገለጸው፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ «ጥቁር ራስ» የሚባል በሽታ አለ። ምክንያቱ ሂስቶሞናስ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ በዶሮ አንጀት ውስጥ በሚኖር ቀጭን ትል እንቁላል ውስጥ ተሸሽጎ ከኩስ ጋር ወደ መሬት ይወርዳል። የትሉ እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የምድር ትልም ይውጠውና ያከማቸዋል። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ተሸክማ ሳትታመም ትኖራለች። የቱርክ ዶሮ ግን ከዚያ መሬት የምድር ትል ወይም የተበከለ አፈር ሲለቅም ጉበቱ ይቆስላል፤ ኩሱ ቢጫ ይሆናል፤ ከመንጋው አብዛኛው ሊያልቅ ይችላል። በአሜሪካ ለዚህ በሽታ መከላከያ የቀረው የመጨረሻው መድኃኒት ኒታርሶን አርሴኒክ ያለበት በመሆኑ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከገበያ ወጥቶአል። ስለዚህ የሚያድነው መድኃኒት ሳይሆን መሬቱ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር ይገጥመናል። ኤሌክትሪክ የሌለው ገበሬ የቱርክ እንቁላል ከአገሬው ዶሮ ሥር ቢያስታቅፍ ዶሮይቱ ታቅፋ ትፈለፍለዋለች፤ ጫጩቶቹንም ከክንፏ ሥር አድርጋ ታሞቃቸዋለች። ከእርሷ የረከሰ ማሞቂያ የለም። ነገር ግን በሽታውንም የምትሰጣቸው እርሷው ልትሆን ትችላለች። በየደጃፉ ዶሮ በሚጭርበት አገር ደግሞ ንጹሕ መሬት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

የቆየው ምክር መሬቱን በአራት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ ለቱርክ ዶሮ መስጠት፣ የቀሩትን ማረስና ማሳረፍ ነው። ለ100 ወፍ ሩብ ሄክታር ቢመደብ አራቱ ክፍል አንድ ሄክታር ይሆናል። የብዙው የደጋ ገበሬ ይዞታ ከዚህ አይበልጥም። ስለዚህ ወፉን ወደ ግጦሽ ማውጣት ለሰፊ እርሻ ባለቤት ትክክለኛ ምክር ሲሆን፣ ለባለ ጠባብ ይዞታ ግን የማይሆን ምክር ነው።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ዶሮ የጫረበት መሬት ላይ ወፉ አይውረድ፤ ሣሩ ወደ ወፉ ይምጣ። ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ወለሉ ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲሜትር ቀዳዳ ባለው ጠንካራ ሽቦ ወይም በተራራቀ ርብራብ የተሠራ፣ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኝ ሰገነት ይሠራለት። ኩሱ ከታች ይወድቃል፤ ወፉ አይደርስበትም፤ ለጋ ሣርና ቅጠል ታጭዶ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው አሠራር በአሜሪካ ይኸው በሽታ እርባታውን ባስቸገረበት ዘመን በሰፊው አገልግሎአል። ንድፉ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። እያንዳንዱ 10 ኪሎ የሚመዝን 100 ወፍ አንድ ቶን ነው። በ50 ካሬ ሜትር ላይ ሲበተን በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ብቻ ይሆናል፤ ሲደነግጡ ግን በአንድ ጥግ ይከማቻሉና ጭነቱ በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። የሚያጸዳው ሰው ሲታከልበት ቢያንስ ለ200 ኪሎ መንደፍ ያስፈልጋል። ይህን ሰገነት ከባሕር ዛፍ አጣና ለመሥራት ማንኛውም የመንደር አናጢ ይችላል፤ የሚጎድለው የአግዳሚውን ርቀትና የምሶሶውን ውፍረት የሚያሳይ ንድፍ ነው።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛ ብዙ ሚሊዮን የቱርክ ዶሮ ማስጨረሱም ይህንኑ ሐሳብ ያጠነክራል። የዱር ወፍ የሚያርፍበት ኩሬና ክፍት መጠጫ ለመንጋው በር ከፋች ነው። ጣራ ያለው ሰገነትና የተከደነ መጠጫ ይህን አደጋ ሙሉ በሙሉ ባያስቀረውም ይቀንሰዋል። ፈንግልን ለመከላከል ግን ክትባቱን የእንስሳት ሐኪም እንዲሰጥ ማድረግ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ ልኩ በሜትር የተጻፈ፣ በመንደር አናጢ ሊነበብ የሚችል የማሞቂያ ክዳንና የሰገነት ንድፍ አባሎቻችን ከእርባታ ባለሙያዎች ጋር ተመካክረው ያዘጋጁ። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ምክር ሲጠይቀን ከሁሉ አስቀድመን «በዚያ መሬት ላይ ዶሮ ኖሮበት ያውቃልን?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «አዎን» ከሆነና ሰገነት ለመሥራት አቅም ከሌለው፣ ዶሮውን ይዞ እንዲቀጥል በግልጽ መንገር የሙያ ግዴታችን ነው። አይሆንም ማለት ባለበት ቦታ አይሆንም ያለ መሐንዲስ የአንድ ቤተሰብ ገንዘብ አድኖአል።